በአያ ፈንቴ አንጓ ላይ የነበሩት ጣቶች

ጋደም ብላችሁ ቆይታችሁ ድንገት ብድግ ስትሉ ዓይናችሁ ጨልሞባችሁ ያውቃል? ጆሯችሁ ውስጥ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ነገር ሰምታችሁ፣ ያገኛችሁትን ግድግዳ ወይም የሰው ትከሻ ተደግፋችሁ፣ ወዲያው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ መንገዳችሁን ቀጥላችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ይደርስበታል። እኔም ይደርስብኝ ነበር፤ ከቁም ነገር አልቆጥረውም ነበር።

ባለፈው ዓመት ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ በሱዳን ቁረይሻ በሚባለው የእርሻ አገር ካየሁት ወዲህ ግን ከመኝታዬ ብድግ ባልሁ ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይሉኛል። ትዝ የሚሉኝ ስለ ወደቁ ብቻ አይደለም። ከወደቁ በኋላ አንድ ነገር ጠየቁኝ። እስከ ዛሬ አልመለስሁላቸውም።

እኔ መምህር ነኝ። የማስተምረው እዚያው ሱዳን ቱነይድባ በሚገኘው የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው፤ ትምህርቱ ሳይንስ ነው። ክረምት ሲገባ ትምህርት ይዘጋል። በዚያን ዓመት እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ከመተማና ከጎንደር ቆላ ከመጡ ሠራተኞች ጋር ሰሊጥ ለማረም ወደ ቁረይሻ ወረድሁ።

ታሪኩ እንዲገባችሁ በመጀመሪያ አንድ ነገር ላስረዳ። ሰው ከተኛበት ሲነሣ ደሙ ወደ ታች፣ ወደ እግሩ ይወርዳል። አንገታችን ላይ ባሉት ትልልቅ የደም ሥሮች ውስጥ የደም ግፊትን መቀነስ የሚያውቁ ጠባቂዎች አሉ። እነሱ ለአንጎል ይናገራሉ፤ አንጎል ልብን ፍጠን ይላል፤ የእግርን የደም ሥሮች ደግሞ ጥበቡ ይላል። ደሙ ወደ ጭንቅላት ይመለሳል። ይህ ሁሉ ጫማችሁን እስክታጠልቁ ያልቃል።

እኔን የማረከኝ፣ ይህን ለመገመት መርፌም ሆነ ደም መቅዳት አለማስፈለጉ ነው። ሰውየው ተኝቶ ሳለ የእጁን ትርታ ትቆጥራለህ። ከዚያ አቁመህ ትቆጥራለህ። ጤነኛ ልብ ሲቆም ፈጠን ይላል። የግፊት መለኪያ ካለ ደግሞ ክንዱ ላይ አስረህ ተኝቶም ቆሞም ትለካለህ። ያሳየችኝ ካምፓችን ውስጥ የምትሠራ አንዲት የጤና ባለሙያ ናት። “ግምት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም” ትል ነበር። እኔ ግን አዲስ ነገር ሲገባኝ ለሁሉም ሰው ካላሳየሁ እንቅልፍ የለኝም።

ቁረይሻም እንደዚያው ሆንሁ። ሠራተኛው ጿሚ ስለሆነ የሚበላው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቁጢጥ ብለን በጥቁሩ ዋልካ አፈር ላይ እየተንፏቀቅን ስናርም እንውልና፣ በዘጠኝ ሰዓት ረኩባ ከምንለው የሣር ዳስ ሥር ገብተን እንበላለን፤ ጥቂት ጋደም እንላለን። ከዚያ የባለ እርሻው ወኪል “ያላ! ያላ! ተነሡ!” ሲል እስኪመሽ እንመለሳለን። እኔ በዚያች በጋደም ሰዓት የሰው ትርታ መቁጠር ጀመርሁ።

መጀመሪያ እጁን የሰጠኝ ይርጋ ነው። ከሁላችንም ወጣቱና አፈኛው እሱ ነበር።

“የኔታ፣ እኔን ቁጠረኝ። ልብ እንዳለኝ ለእናቴ የሚነግርልኝ አጣሁ” አለኝ።

ተኝቶ ቆጠርሁት። አቁሜ ቆጠርሁት። ልቡ ዘለለች።

“ሲቆም ፍየል ሆነ” አልሁ።

“እሱስ ሥራ ሲያይ ነው የሚሸሽ!” አለ ማሩ የሚባለው ጓደኛው፤ ዳሱ በሙሉ ሳቀ።

አያ ፈንቴ ብቻ አልሳቁም። እሳቸው በዕድሜ የሁላችን ታላቅ ናቸው። ከሰልፉ ፊት የሚያርሙ፣ ጾማቸውን የሚያጠብቁ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ።

“ተው ልጄ” አሉኝ። “ሰው አይቆጠርም። እኔ ከብቴን እንኳ ስንት ነው ቢሉኝ እግዜር ያውቃል ነው የምል።”

“አያ፣ ሰውን አይደለም የምቆጥረው። ትርታውን ነው።”

“እሱማ ይብሳል። የሰጠህ ስንት እንደ ሰጠህ ጠፍቶት ነው አንተ የምትቆጥርለት?”

ይርጋ አለቀቃቸውም። “አያ ፈንቴ ልባቸው ተኝታ እንዳትገኝ ፈርተው ነው!” አለ። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሳቸውም ፈገግ አሉና “እንካ፤ የዚህን ባለጌ አፍ ዝጋልኝ” ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

ተኝተው ትርታቸው ዝግ ያለ ነበር። አቆምኋቸው። ጣቴን ከእጃቸው አንጓ ሳላነሣ ጠበቅሁ። ልባቸው እንደ ነበረች ሄደች። አልፈጠነችም። ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ሰውየው ገና የተኙ ያህል፣ ያንኑ እርምጃዋን ትሄዳለች። ቀና ብዬ ፊታቸውን ሳይ ላብ ከግንባራቸው እየወረደ፣ በሌላው እጃቸው የዳሱን ምሰሶ ጨብጠው ነበር።

“አመመዎት?”

“ደኅና ነኝ።”

“መድኃኒት የሚወስዱት አለ?”

“እግዜር ይመስገን፣ ምንም የለብኝ” አሉ። ሲመልሱ ዓይናቸው ዳሱ አፍ ላይ ወደ ቆመው ወኪል ሄደ። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም። ሲነሡ ቀስ ብለው፣ ቁጭ ብለው ቆይተው እንዲነሡ ብቻ ነገርኋቸው። “እሺ መምህር” አሉኝ፤ ልጅን እሺ እንደሚሉት።

የወደቁት በማግስቱ ነው።

ሰማዩ ከምሥራቅ በኩል ጠቁሯል፤ እኛ ያለንበት ግን ፀሐይ ነው። ወኪሉ ዝናቡ ሳይደርስ ሰልፉ እንዲያልቅ ፈልጎ ከወትሮው ቀደም ብሎ ጠራን። ሁላችንም ብድግ አልን። አያ ፈንቴም ተነሡ። ከዳሱ ወጥተው ጥቂት እንደ ተራመዱ ቆሙ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

“መሸ እንዴ?” አሉ።

ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ነበረች።

ጉልበታቸው ከዳቸው። ይርጋና ማሩ ደርሰው በብብታቸው ያዟቸው። ሌሎቹም ከበቡ። እኛ ዘንድ ሰው ራሱን ሲስት ለመሬት አይሰጥም። ቀጥ አድርጎ ይዞ ስሙን መጥራት፣ ክብሪት ጭሮ ከአፍንጫው ሥር ማጤስ ነው። የተኛ እንደሆነ ያሸልባል ይባላል። እንዲህ የሚያደርጉት በፍቅር ነው። ነገር ግን ከላይ ያልኋችሁን አስታውሱ። ደሙ እግሩ ላይ የቀረ ሰው ቀጥ ብሎ በተያዘ ቁጥር ጭንቅላቱ ደም አያገኝም። የሚያድነው መተኛት ነው። እየደገፉ የሚከለክሉት ያንኑ ነው።

“አስተኟቸው!” አልሁ።

“አበድህ?” አለ ይርጋ። “ከተኙማ ይሄዳሉ!”

“ቆመው ነው የሚሄዱት! አስተኛቸው እልሃለሁ!”

“አንተ ነህ!” ብሎ ጮኸብኝ። “አትቁጠር እያሉህ ቆጥረህ ቆጥረህ ጨረስህባቸው!”

አንድም ሰው ከእኔ ጋር አልቆመም። የሁሉም ፊት ይርጋ የተናገረውን ያምን ነበር።

አንጓቸውን ያዝሁ። ትርታቸው ቀጥኗል። ጥልቅ ጭቃ ውስጥ የሚሄድ ሰው እግር የሚነሣውን ያህል እየዘገየ ነው የሚመታው። ጣቶቼን ጫን ሳላደርግ፣ እንዳይጠፋብኝ ቀስ ብዬ እንደ ያዝሁ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

“ይርዳው” አሉ። ዓይናቸው ክፍት ነው፤ ግን አያይም። “ይርዳው፣ ያዘኝ።”

ከመካከላችን ይርዳው የሚባል ሰው አልነበረም።

ከዚያ ትርታው ከጣቶቼ ሥር ጠፋ። ፈለግሁት፤ የለም። የሰው እጅ ይዤ ምንም ሳይሰማኝ ሲቀር የመጀመሪያዬ ነው። ያ ባዶነት እስካሁን ጣቶቼ ጫፍ ላይ አለ። አንዳንድ ቀን ጠመኔ ስይዝ ይሰማኛል።

አንጓቸውን ለቀቅሁ። ጎንበስ ብዬ ሁለት እግራቸውን ከመሬት አነሣሁና ወደ እኔ ጎተትሁ። ይርጋ በክርኑ አገጬን መታኝ፤ እኔ ግን አልተውሁም። ክብደቱ ሲበዛባቸው እነ ይርጋ ተንበረከኩ፤ አያ ፈንቴም በጀርባቸው ዋልካው ላይ አረፉ። ጆንያ ጠቅልዬ ከእግራቸው ሥር አደረግሁ። ከከበቡት አንዱ የጫራት ክብሪት ጣቱን እስክታቃጥለው ድረስ ይዟት ቀረ።

ጣቴን ወደ አንገታቸው ወሰድሁ። በመጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ አንዲት ምት። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ሌላ። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ኮቴ መጀመሪያ ይሁን አይሁን ሳትለየው ቆይተህ ኋላ እርግጠኛ እንደምትሆን፣ እንደዚያ ሆኖ መጣ። ከንፈራቸው ቀላ። ዓይናቸውን ገለጡ። እኛን ግን አላዩንም። አሻግረው ወደ ሰሊጡ ተመለከቱ።

“የት ሄደ?” አሉ።

“ማን አያ?” አለ ይርጋ እያለቀሰ።

እሳቸው እጃቸውን አንሥተው የገዛ አንጓቸውን ያዩ ጀመር። ብዙ ጊዜ አዩት።

ወኪሉ ደግ ሰው ነበር። “ያ ኡስታዝ፣ አንተ መምህር፣ ትራክተሩን ውሰድ፣ እርሻው የትም አይሄድም” አለኝ። ትራክተሩ እየተንሸራተተ ከጭቃው አወጣን፤ ከዚያ በጭነት ፒካፕ ሾዋክ ደረስን። እዚያ አንድ ጤና ጣቢያ ገባን። የተቀበለችን ነርስ አፏን የፈታችው በትግርኛ ነው፤ አማርኛም አሳምራ ትናገራለች። አያ ፈንቴን አስተኝታ ግፊታቸውን ለካች። ቀስ ብላ ደግፋ አቆመቻቸውና እንደገና ለካች። ግፊቱ ወረደ፤ ትርታቸው አልተከተለውም። ወዲያው መልሳ አስተኛቻቸው።

“ይቺ ልብ ሰነፍ አይደለችም” አለች። “የሆነ ነገር አስሯታል። አባባ፣ ምን ይወስዳሉ?”

አያ ፈንቴ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ እኔን ሳያዩ ከሸሚዛቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የግፊት ኪኒን ነው። ጎንደር ሐኪም ያዘዘላቸው ነው። በሽተኛ ነው ብለው ሥራ እንዳይከለክሏቸው ደብቀውት ኖሯል።

“ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነው ያሉኝ” አሉ። “ጾም ገባ። ጠዋት መድኃኒት በውሃ ውጬ ጾሜን ልፍታው? ስለዚህ በዘጠኝ ሰዓት ስበላ ሁለቱንም አንድ ላይ እውጣቸዋለሁ። አንዱንም አላስቀረሁ።”

ነርሷ ራሷን ይዛ ሳቀች። “አባባ፣ ቁርስ ያልበላ ሰው የቁርሱንና የራቱን እንጀራ አንዴ ይጎርሳል?”

“እንጀራ ቢሆንማ እችለው ነበር” አሉ እሳቸውም።

ነገሩ ይኸው ነበር። ቀኑን ሙሉ በሐሩር ላባቸውን ያፈስሳሉ፤ ውሃ አይቀምሱም። ከዚያ ልብን የሚያዘገየውን መድኃኒት በአንድ ጊዜ እጥፍ አድርገው ውጠው ወደ እርሻ ይመለሳሉ። ደማቸው ሲወርድ ጠባቂዎቹ ይጮኻሉ፤ ልባቸው ግን እጅ እግሯ ታስሯል። ነርሷ ግሉኮስ አደረገችላቸው፤ ሐኪሙም ሌሊቱን እዚያው እንዲያድሩ አዘዘ። የነፍስ አባታቸው ዘንድ ስልክ ተደውሎ ለታመመ ሰው መድኃኒት ጾም እንደማያስፈታ በጆሯቸው ሰሙ።

እኔ ደስ አለኝ። ሁሉም ነገር ምክንያቱ ታወቀ። ስለ ክስተቱ ለተማሪዎቼ እንዴት እንደማስረዳ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከጤና ጣቢያው ግቢ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ወደ እርሻው የሚመልሰንን መኪና እየጠበቅን ነው። አያ ፈንቴ “መምህር” አሉኝ።

“አቤት አያ።”

“ስወድቅ እጄን የያዘኝ ሰው ነበር?”

አፌን ስከፍት እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ። “ቆይ። ለምን እንደምጠይቅህ ልንገርህና ትመልስልኛለህ።”

ወንድ ልጅ ነበራቸው። ይርዳው ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአረም ወደዚህ ሲሻገሩ ጓንግ ወንዝ ሞልቶ ነበር።

“ወንዝ ስትሻገር መዳፍ ለመዳፍ አትያያዝም፤ ያሟልጫል” አሉኝ። “አንጓ ለአንጓ ነው። እሱ የእኔን ይይዛል፣ እኔ የእሱን። አንዱ ቢለቅ አንዱ እንዲያስቀር። መካከሉ ላይ ስንደርስ ውሃው ግንድ ይዞ መጣብን። እኔ ለቀቅሁ። ወድጄ አይደለም። እጄ ነው የለቀቀ። እሱ ግን አልለቀቀም። ጣቶቹ እስኪንሸራተቱ ድረስ ይዞኝ ነበር። አንድ በአንድ ሲሄዱ ተሰምተውኛል።”

አጠገባችን ሻይ የሚሸጡ ሴቶች እየተሳሳቁ በዐረብኛ ይጨዋወታሉ። አያ ፈንቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ከዚያ ወዲህ በሕልሜ እንኳ መጥቶ አያውቅም። ተቆጥቶ ነው እል ነበር። ትናንት ጨለመብኝና ውሃው መጣ። እሱም መጣ። እዚህ ላይ ያዘኝ” ብለው አንጓቸውን አሳዩኝ። “እንዲህ፣ በጣቶቹ ጫፍ። ቀስ አድርጎ። የተቆጣ ሰው እንደዚያ አይዝም። አብሬው ልሄድ ነበር። ከዚያ ራሱ ለቀቀኝ። ሲለቀኝ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።”

ወደ እኔ ዞሩ።

“አሁን ንገረኝ። ከእናንተ እጄን የያዘኝ ሰው ነበር?”

እኔ በሕይወቴ የማውቀውን ነገር ስጠየቅ ዝም ብዬ አላውቅም። መልሱንም አውቀው ነበር። የትኛው ጣቴ የት እንዳረፈ፣ መቼ እንደ ለቀቅሁ፣ ለምን እንደ ለቀቅሁ፣ ሁሉንም። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ፊታቸውን አየሁ። ነርሷ በመለኪያዋ ያላገኘችው አንድ ነገር እዚያ ፊት ላይ ነበር፤ የኔን ቃል ይጠብቃል።

ዝም አልሁ።

እሳቸውም ዝምታዬን ለራሳቸው ወሰዱት። “አውቄዋለሁ” አሉ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው መኪናው እስኪመጣ ድረስ አለቀሱ።

እርሻው አልቆ ሰው ሲበተን በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። ወንዙ ያን ጊዜ ጎድሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን አልሰማሁም። ኪኒናቸውን እንደ ታዘዘው ይውጡ እንደሆነ አላውቅም። በሕይወት ይኑሩም አላውቅም።

አንዳንድ ቀን ዝም ማለቴ ምጽዋት ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ የሞተ ልጅ ቦታ ሰርቄ እንደ ተቀመጥሁ ይሰማኛል። ከዚህም የሚብሰኝ ሌላ ነገር አለ። እኔ የያዝኋቸው ልቆጥር ነበር፤ እሳቸው የተያዙት ሊሻገሩ ነበር። የለቀቅኋቸውም ላድናቸው ብዬ ነው ወይስ ያ ባዶነት አስደንግጦኝ፣ እኔም በእርግጥ አላውቀውም። ዛሬ ክፍል ውስጥ የተማሪ አንጓ ይዤ “ተነሥ” ስለው፣ ልቡ ፈጥና እስክትመልስልኝ ድረስ ባለችው ቅጽበት ትንፋሼን እይዛለሁ። በማዶ በኩል ማን የያዘው መስሎት ይሆን እላለሁ።

እናንተም ሞክሩት። ዛሬ ማታ አባታችሁን ወይም እናታችሁን አስተኙና በሁለት ጣታችሁ ትርታቸውን ቁጠሩ። ቀስ አድርጋችሁ አስነሥታችሁ እንደገና ቁጠሩ፤ ከአጠገባቸው አትራቁ። ልባቸው ካልተከተለቻቸው፣ ወይም ፊታቸው ከገረጣ፣ መልሳችሁ አስተኟቸውና ወደ ሐኪም ውሰዷቸው፤ መድኃኒታቸውን ግን በራሳችሁ አትንኩባቸው። ከመቁጠራችሁ በፊት ደግሞ ስማችሁን ንገሯቸው። የያዝሁዎት እኔ ነኝ በሏቸው።